ፈተናዋን እስክትጨርስ

ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት እናቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። አንደኛ አናቶሚ፣ ሁለተኛ ሥራ፣ ሦስተኛ እንቅልፍ። ኮሌጅ ውስጥ "ቅድሚያ የምትሰጡትን ጻፉ" ስንባል የጻፍኩት ነው። ነርሲንግ ለመግባት አናቶሚ ላይ ቢያንስ ቢ ማምጣት አለብኝ፤ የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቻርጀር ፍለጋ እማዬ ክፍል ዘው አልኩ። እማዬ፣ ከፓርክ ሂል ሰፈር የመጡት እትዬ ጤናዬና ጎረቤታችን ጌጥነሽ ጥቁር ለብሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ያለው ስልክ ከአዲስ አበባ ቀብር በቀጥታ ያሳያል። ድምፁን አጥፍተውታል። ሦስቱም አፋቸውን በነጠላ አፍነው ያለቅሳሉ።

"ማን ነው?" አልኩ።

"ማንም አይደለም፣ ሂጂ አጥኚ" አለች እማዬ።

ስልኩን አነሳሁት። ሬሳ ሣጥኑ ፊት የተያዘው ፎቶ የጋሼ ግዛው ነው። የእናቴ ወንድም፤ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ አገር ቤት ያሳደጉኝ ጋሼ ግዛው!

"መቼ?"

"ትናንት" አሉ እትዬ ጤናዬ። "ፈተናሽን ስትጨርሺ ማታ ልናረዳሽ ነበር እኮ። ለአንቺው ብለን ነው የኔ ልጅ።"

ለእኔው! ደሜ ፈላ።

"ቀብሩ አሁን ነው፣ ፈተናዬ ሁለት ሰዓት። ለሁለቱም እደርስ ነበር። ማን ጠየቀኝ?"

"ዓላማሽ እንዳይሰናከል ብዬ..." አለች እማዬ።

"ዓላማዬን ያወጣሁት እኔ ነኝ! ጋሼን ከአናቶሚ በታች አድርጉልኝ ያልኩት መቼ ነው?"

ድምፁን ለቀቅኩት። ክፍሉ በለቅሶ ተሞላ። እኔም መሃላቸው ቁጭ ብዬ እዬዬ አልኩ። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፤ ይደብድብ! ጋሼ አፈር ሲለብሱ በዓይኔ አየሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊቴን ታጠብኩ።

"አሁን ማን ያደርሰኛል?"

"አብደሻል? እንዲህ ሆነሽ?" አለች እማዬ።

"አዎ፣ እንዲህ ሆኜ።"

ሦስቱም ጥቁራቸውን እንደለበሱ በእትዬ ጤናዬ መኪና የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ሄድን። እትዬ ጤናዬ ኮሌጁ በር ላይ ፓርክ ሲያደርጉ እማዬ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

"ብትወድቂስ?"

"ከወደቅኩም እኔ ልውደቅ፣ እማዬ" አልኳትና እጄን አስለቅቄ ገባሁ።