ቀን እየዘለለ የሚመጣ ከራማ

ባሌ አብዶ ባጃጅ ይነዳል። ከሚሴ ውስጥ እንደ አብዶ ድምፁ የማይሰማ ባጃጅ ነጂ የለም። "መንገዱ ተዘግቷል፣ እዚህ ጋ ውረዱ" ሲል እንኳ ሰምቶት የሚወርድ ስለሌለ ዞሮ ዞሮ በሌላ መንገድ ያደርሳቸዋል። እቤትም ያው ነው። እኔ ከውሰር ቲማቲምና ሽንኩርት ስሸጥ የምውል ሴት ነኝ፤ ገበያ ውስጥ የለመድኩት ጩኸት እቤት ድረስ ተከትሎኝ ይገባል። ስንጣላ እንኳ የምጣላው ብቻዬን ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ሼህ ሙሀመድኑር ቤት ወዳጃ ተጠራ። ሼሁ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ፈተና ሲቀመጥ ሁላችንም እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን፤ ጫት ይቃማል፣ መንዙማ ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ወንዶቹ በዚያ፣ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ከዐስር ሰላት በኋላ ድቤው ሞቅ ሲል አብዶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ጥርሱ። የያዘውን ውሃ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ላይ ደፋው።

ጎረቤቴ ሰዒዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ "ያ ረቢ! አብዶን ሀድራው ያዘው!" አለች።

መንዙማ ልቡን ነክቶት የሚንቀጠቀጥ ሰው ለኛ አዲስ አይደለም፤ በትልልቆቹ ሼሆች አይተናል። በአብዶ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ጋቢ ደረቡለት። ቆየት ብሎ ፊቱ ፍም መሰለ፤ "የአላህ ብርሃን፣ ኑር ወረደበት" ተባለ። በኋላ ላቡ ወርዶ ጋቢውን አራሰው፤ ሰዒዳ ጋቢውን ለበረካ ብላ ቤቷ ወሰደችው። ጋቢው የኔ ነበር፤ እስካሁን አልመለሰችም።

በማግስቱ አብዶ ደህና ሆኖ ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ ያው ከዐስር በኋላ፣ ደሴ መንገድ ዳር ባጃጁን አቁሞ ተንቀጠቀጠ፤ ባጃጁም አብሮት። ተሳፋሪዎቹ አልወረዱም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው "ዱዓ አድርግልን" አሉት። አንድ ቀን እየዘለለ እንደሚመጣበት የደረሰችበት ሰዒዳ ናት። ትናንት "አንተ አብዶ፣ ባጃጅህን ከደጄ አንሳ" ስትለው የነበረችው ሴትዮ የአላህ ወዳጅ፣ ወሊ ሆኗል ብላ "አንቱ" ትለው ጀመር። ወዳጃው ራሱ የአብዶን ቀን ተከትሎ እንዲሆን ተደረገ።

ከዚያማ ቤቴ የሰው መናኸሪያ ሆነ። በሬው የታመመበት ሽማግሌ ከጨፋ ሮቢት ድረስ መጣ። አብዶ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አንዲት ቃል ሹክ ሲል ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያዳምጠዋል። ሲከሳ "ዱንያን ናቀ" አሉ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆንም አንድ ነገር አሉ፤ እኔ ግን ልቤ ፈርቶ ስለነበር አልሰማኋቸውም።

መንቀጥቀጡ በማይመጣበት ቀን እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነጅዋ የምትባለው ደም መርማሪ ጣቱን ወግታ ደሙን በማጉያው አየችና ወባ ነው አለችን።

"ታዲያ ለምንድን ነው ቀን እየዘለለ የሚመጣው?" አልኳት።

"ተውሳኩ ደሙ ውስጥ ተደብቆ ይራባል። በየሁለት ቀኑ ሁሉም ባንድ ጊዜ የተደበቁበትን አፈንድተው ይወጣሉ። ያኔ ሰውነቱ በሙቀት ሊጨርሳቸው ይነሳል። መንቀጥቀጡ ጡንቻው ሙቀት ሲሠራ ነው፤ ላቡ ደግሞ መልሶ ሲያበርደው። የአብዶ ሰውነት ውጊያ ላይ ነው።"

"አብዶ? ውጊያ?" ሳቄ መጣ። "ወላሂ ይሄ ሰው ከዝንብ ጋር ተጣልቶ አያውቅም!"

"ይዋጋል፤ ግን ብቻውን አይችላቸውም። ደሙ እያለቀ ነው፣ ጣፊያውም አብጧል። ክኒኑን ካልጨረሰ ይሞትብሻል።"

ሳቄ ጠፋ።

ክኒኑን ሰጠችው፣ አመስግኖ ተቀበለ፣ አልዋጠም። ከነማሸጊያው ከባጃጁ ወንበር ሥር አገኘሁት። አንዷን ቴምር ውስጥ ወትፌ ሰጠሁት፤ እሱ ለእንግዳ ማቅረብ ልማዱ ነውና ቴምሩን ለጨፋ ሮቢቱ ሽማግሌ አሳለፈለት። ሽማግሌው ምሬቱ ፊቱን አጨማደደው፤ "የወሊ ቴምር እንዲህ ነው" ብሎ ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አብዶ! ልትሞት ነው እኮ! ክኒኑ ምን አደረገህ?"

"ከውሰር፣ ያ ሽማግሌ ስለ በሬው አማከረኝ። ስናገር ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የሚያዳምጠኝ። ክኒኑን ከዋጥኩ በኋላ ማን ይሰማኛል?"

"እኔ እሰማሃለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት።

ጩኸቴ ሦስተኛ ቤት ሳይሰማ አልቀረም። አብዶ ትክ ብሎ አየኝና ቀኑ ሲደርስ የሚደርበው ጋቢ ፍለጋ ተነሳ።

በሚቀጥለው የመንቀጥቀጥ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ሰዒዳ ትንሿን ልጇን ፈይሩዝን አቅፋ ገባች። ልጅቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንዘፈዘፋለች። ሰዒዳ ፊቷ በርቷል። "ማሻአላህ በሉ! የእርስዎ በረካ ለልጄም ተረፈ!"

ሰዉ ሁሉ ማሻአላህ አለ። አብዶ የሚንቀጠቀጥ እጁን የልጅቱ ግንባር ላይ አሳረፈ።

"መል ታቴ ፈይሩዝ? ምን ሆንሽ?"

"በረደኝ።"

"ብርዱ ከውጭ ነው ከውስጥሽ?"

"ከውስጤ። ጭንቅላቴንም ያመኛል" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

አብዶ ብድግ አለ። "ይሄ ሀድራ አይደለም! ወባ ነው! የኔም ወባ ነው!"

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ከኔ ሌላ ወጥቶ አያውቅም።

"ኧረ አንቱ፣" አለች ሰዒዳ ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አድርጋ፣ "በረካ የያዛትን ልጅ ወስጄ መርፌ ላስወጋት?"

አብዶ ወደኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ክኒኑን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ እያየው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ዋጠ። ምሬቱ ዓይኑን አስጨፈነው።

"እኔ ዋጥኩ። አሁን ልጅቱን ባጃጅ ውስጥ አስገቧት። ዛሬውኑ!"

ወሊ ያዘዘውን ማን ይከራከራል? ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ጓደኛው ሳዳም ባጃጁን ነዳ፤ ከኋላ ሰዒዳ፣ ፈይሩዝ፣ እኔና የሚንቀጠቀጠው ባሌ ተጣበን ተቀመጥን። ነጅዋ ሁለቱንም መረመረች፤ የሁለቱም ወባ ነው። አብዶን የነከሰች ቢምቢ ቆይታ ፈይሩዝንም ነክሳ ሊሆን እንደሚችል ስትነግራት፣ ሰዒዳ ልጇን አቅፋ ከአብዶ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ልጅቱ ዳነች። አብዶም ክኒኑን እኔ እየቆጠርኩበት ጨረሰ። ቀኑ ሲደርስ ሰው ከልማዱ መጥቶ ተሰበሰበ። ከዐስር በኋላ ሁሉም ዓይኑን የአብዶ ጉልበት ላይ ተከለ። ጉልበቱ ንቅንቅ አላለም። አንድ ሁለት እያሉ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። አብዶ በሩ ላይ ቆሞ ሸኛቸው፤ የመጨረሻው ሰው ከሄደ በኋላም በሩን አልዘጋም።

ለፈይሩዝ መዳን ሼህ ሙሀመድኑር ቤት የምስጋና ወዳጃ ተደረገ። አብዶ ጥግ ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ተቀመጠ። ዱዓው ሲደርስ ሼሁ፣ "ዛሬ አብዶ ያድርግልን" አሉ።

"ድኗል እኮ፣ ሼሁ!" አለ አንዱ።

"ስለዳነ ነው። ክብሩን ጥሎ ልጅ ያዳነ ሰው ዱዓ ካላደረገልን ማን ያድርግልን?"

አብዶ መዳፉን ዘረጋ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ያው የድሮው፣ ትንሽ ድምፁ ነው፤ ለመስማት ቤቱ በሙሉ ፀጥ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ የሚያንሾካሹኩትንም እኔ በቁጣ ዝም አሰኘኋቸው። ለፈይሩዝ ለመነ። ለሼሁ ለመነ። ለጨፋ ሮቢቱ ሽማግሌ በሬም ለመነ።

"ለባለቤቴም..." ብሎ ቆመ። ሁላችንም ጠበቅነው።

"ዕድሜ ስጥልኝ፣" አለ፤ "እየጮኸችብኝም ቢሆን።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። "አሚን" አልኩ፤ ቀስ ብዬ።