አራት የብሎን ቀዳዳዎች

ቁልፉን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ተከራዮቼ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ አናጢ፣ እሷ ፀጉር ሠሪ። ከእኔ ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ከያዙ አራት ዓመታቸው ነው። ከተለያዩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። እሱ ወንድሙ ጋ ገብቷል፣ እሷ ቤቱ ውስጥ ቀርታለች። እኔም የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ በሬን አንኳኳ። ፂሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ።

«እትዬ፣ መጋዜንና መሮዬን ልውሰድ ብዬ ነው። እሷ ሥራ ላይ ናት። ትርፉን ቁልፍ ቢሰጡኝ?»

ስሙ ውሉ ላይ አለ፤ ምን ብዬ ልከልክለው? ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከላይ ኮቴውን ስሰማ ቆየሁ። ከዚያ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ቁልፉን አልመለሰም።

ለምሳ ስትመጣ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ አጠገቧ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት ያገደበት ነው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ እትዬ። ረብሻ ያለበት ተከራይ ማን ይፈልጋል?»

ፊት ፊቷ ደረጃውን ወጣሁ። ቤቱ እንደነበረ ነው፤ አልጋው ተነጥፏል፣ የተሰበረ ዕቃ የለም። ተመስገን ልል ስል፣ እሷ የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ በኩል እያየች ደርቃ ቀረች።

መቀርቀሪያው የለም። በቦታው አራት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ። ሊወስዳቸው የመጣው መጋዝና መሮ ግን አልጋው ሥር እንዳሉ ናቸው።

«ማታ ማታ እሱን ቀርቅሬ ነበር የምተኛው» አለች።

እኔ ቤት አወረድኳት። ለፖሊስ ደወልኩ፤ እንመጣለን አሉ። ቁልፍ ሠሪ አስመጥቼም የላይኛውን በር ቁልፍ አስቀየርኩ።

ሊመሻሽ ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማን። በሬን አልፎ ወጣ። ከላይ ቁልፍ ሲሞከር ይሰማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጅቷ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ተመልሶ ወረደና በሬ ላይ ቆመ።

«እትዬ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ቁልፉ እምቢ አለኝ እኮ።»

«አስቀይሬዋለሁ» አልኩት በሩን ሳልከፍት። «ዕቃህን ፖሊስ ባለበት ትወስዳለህ።»

«እኔ ተከራይ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህ። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ግን አይቻለሁ።»

አልሄደም። ትንፋሹ በበሩ ሽንቁር ይሰማኝ ነበር። ፖሊሶቹ ሲደርሱም እዚያው ቆሞ አገኙትና ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት ጭምር፣ ተናገርኩ። ልጅቷ ሌላ ሰፈር ቤት እስክታገኝ ከእኔ ጋር ሰነበተች። የሄደች ዕለት አቅፋኝ አዲሱን አድራሻዋን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ አፏ ላይ እጄን ጫንኩ።

«አትንገሪኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ተፈቶ መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ የማላውቀውን አልናገርም።»