የአው ሱጉሌ ቀን

ሃይማኖት ወደ ጅጅጋ የመጣው በመንገድ ነው። እስልምና ከዘይላ ወደብ በግመል መጣ፤ አብሮት የመጣው አው ሱጉሌ የሚባል ሼህ ከከተማው ዳር ጉብታ ላይ ተቀብሯል። ክርስትና ከወታደሩና ከአስተማሪው ጋር በሐረር መንገድ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ዘነበ ሃይማኖት፣ ማለትም አብዮቱ፣ ግን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የገባው፤ ስለዚህ ከመንገዱ የተማረው ነገር አልነበረም።

በ1976 ጓድ ዘነበ የስብሰባ አዳራሽ ሊሠራ ተነሣ። ድንጋይ ጠፋ። ጥሩ ድንጋይ ያለው የአው ሱጉሌ መቃብር አጥር ላይ ነበር። መቃብሩን የሚጠብቁት አሮጊት ሆዶ ይባላሉ፤ እኛ ኤዶ እንላቸዋለን፣ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። አው ሱጉሌ የሩቅ ቅድመ አያታቸው ነው።

ጓድ ዘነበ ውሳኔውን አሰማ። በስያሮው ቀን፣ ማለትም ሕዝቡ በየዓመቱ መቃብሩን በሚጎበኝበት ቀን፣ ሰው ካልመጣ ቦታው የተተወ ነው፤ ድንጋዩ ለአዳራሹ ይውላል። ያልተፈቀደ ስብሰባ ክልክል ስለሆነ ደግሞ በዚያ ቀን ሰው እንዳይወጣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ይቆማል። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ቀኑን ማንንም አልጠየቀም። አምና ስያሮው ግንቦት ሁለት ሲውል በዓይኑ አይቷል፤ በቃው።

እኛም አላረምነውም።

ስያሮው የሚውለው በረጀብ ወር ነው፤ ረጀብ ደግሞ በጨረቃ ይሄዳል። ዘንድሮ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ መጣ። ያን ሰሞን ጓድ ዘነበ፣ ሃይማኖት የለኝም ባዩ፣ ከጎረቤቱ ከመምህርት ወለተሐና ቤት የፋሲካ ዶሮ በልቶ ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ የስያሮውን ወተት ተሸክሞ፣ ከበሮውን እየመታ ወጣ። መምህርት ወለተሐናም ልጅ እንዲሰጣት ልትለምን ከሴቶቹ ጋር ወጣች። ለእግዜር የሚደርስ መንገድ አይናቅም አለችኝ።

ግንቦት ሁለት ጥበቃዎቹ ጉብታው ላይ ዋሉ። ፍየሎች መጡ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የእኔ ሥራ ሬዲዮ መጠገን ነው፤ በስብሰባ ቀን ድምፅ ማጉያውን እኔ እይዛለሁ። አፉ ወደ ገበያው ነው የሚዞረው።

«ጓዶች!» አለ ዘነበ። «አንድም ሰው አልመጣም። ቦታው የተተወ ነው። ነገ ይፈርሳል።»

ኤዶ ሆዶ ተነሡ። ዝም ካሉ መቃብሩ ይፈርሳል፤ ከተናገሩ ይታሰራሉ። ተራመዱና ማይክራፎኑ አጠገብ ቆሙ።

«ሰው መጥቷል» አሉ።

«እማማ ይቀመጡ። ዕድል ሲሰጥዎ ይናገራሉ።»

«ዕድሉን ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ። ሰው መጥቷል፣ በቀኑ።»

«ቀኑ ትናንት ነበር!»

«ያ የአምናው ነው። ዘንድሮ ቀደመ። ጨረቃዋ የቀበሌ አባል አይደለችም፣ ልጄ።»

ሰው ሳቀ። ዘነበ ጠረጴዛውን መታ።

«በዓል እንዴት ቀኑን ይለቃል?»

«ፋሲካችሁስ? አምና ከስያሮው በፊት ሁለት ቀን ነበር። ዘንድሮ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዋለ። ዶሮውን ስትበላ ለምን ቀደመ ብለህ ጠየቅህ?»

«ኧረ አልጠየቀም» አለች መምህርት ወለተሐና ከኋላ። «አንዴ ጨምሪ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ማይኩን ዝጋው!» አለኝ ዘነበ። አንዱን ቁልፍ አዞርኩ። ድምፁ ጨመረ። አሮጌ መሣሪያ ነው።

«እንግዲያው ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል» አለ፣ ድምፁ ከሩቅ እየተመለሰለት። «እንደሚያሳስር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ጻፈው። ሰው መጥቷል ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ እሰረኝ።»

እስክሪብቶውን አነሣ። አንድ ቃል ከጻፈ አውራጃው፣ ከበሮ እየተመታ ሕዝብ ሲወጣ አንተ የት ነበርክ ይለዋል። ካልጻፈ ደግሞ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

«አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» አለ።

«አይተላለፍም። ወይ ጻፍና እሰረኝ፣ ወይ ድንጋዩን ተው።»

«እማማ፣ ይቀመጡ ብያለሁ።»

«መልሱን ስሰማ እቀመጣለሁ።»

ጥበቃዎቹን አየ። እነሱ ጫማቸውን አዩ። የእስክሪብቶውን ክዳን ከደነ።

«አዳራሹ» አለ፣ «በቆርቆሮ ይሠራል።»

«መቃብሩስ?»

«አይነካም።»

ኤዶ ሆዶ አልተቀመጡም።

«አሁን ክዳኑን ክፈትና» አሉት፣ «ይሄን ጻፍልኝ።»