ጭልፋ ላይ የሚተኛው ቴክኒሻን

የሊፍት ቴክኒሻኑ በሃያ ዓመት ሥራው ያልፈታው ሞተር የለም። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ትላለች። እንዳጋጣሚ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ተከፈተና ዋና ቴክኒሻን ተፈለገ። ሥራው ቤትም መኪናም አለው። ከቴክኒሻኑ የሚጠበቀው ከውጭ አገር የመጣ ፈታኝ ኢንጂነር ፊት ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ማውራት ብቻ ነው።

የቋንቋ አስተማሪው መቶ ሃያ ተለጣፊ ወረቀቶች ከነትርጉም ዝርዝራቸው ሰጠው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የታተመባቸው። «ቃላቱን ዕቃው ላይ፣ ፈሊጦቹን በምትናገርበት ቦታ ለጥፍ። ከዚያ እየነካህ ጩኽ» አለው። ቴክኒሻኑ ዝርዝሩን እያየ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሲለጥፍ ዋለ። ትራሱ «ፒሎ»፣ ጭልፋው «ሌድል»፣ መስታወቱ «ሚረር»፣ ባልዲው «ባኬት» ተባለ። ሰው ሲተዋወቅ የሚባለው በሩ ላይ ተለጠፈ። ባዶው የዳቦ ሳጥን ላይ «ፒስ ኦፍ ኬክ» ሲለጥፍ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ መርፌዋን ጥላ ሳቀች።

«ምን ማለት ነው?»

«ቀላል ነው ማለት ነው።»

«እንግዲያው ኬኩን ምን አመጣው?»

ቤቱ የአማቱ ነው። አማቱ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የውጭ አገር ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አማቻቸውን ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በጎሪጥ ነው የሚያዩት። የሐዘን ማጽናኛውን፣ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የሚለውን፣ ከሟች ባላቸው ፎቶ ሥር ሲለጥፍ ግን አልተቆጡም። ጭራሽ በማግስቱ «እናንተ ሥራ ስትውሉ አቧራውን እኔ እወለውልልሃለሁ» አሉት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ እሱ ግን የዋህ ነው፣ አመሰገናቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዕቃ እየነካ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን ያዘ።

የፈተናው ቀን ጫማውን ወልውሎ ገባ። የኢንጂነሩን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፉን ሞልቶ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ!» አለው። ኢንጂነሩ ክው ብሎ፣ ከቤቱ ክፉ ወሬ መጥቶ እንደሆነ ስልኩን አየ። ጥሩ ሊፍት ውስጥ ምን ምን ይኖራል ሲባል፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ባልዲ መሰቀል አለበት፣ ሰው ፊቱን እንዲያይበት፣ አለ። ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ ሲጠየቅም ጭንቅላቱን ከጭልፋው ላይ ቀና እንደሚያደርግ አስረዳ። ኢንጂነሩ እስኪያነባ ሳቀና ሐሙስ ተመለስ አለው። ከአፉ የወጣውን ሁሉ ኮሪደር ላይ የተረጎመችለት የኢንጂነሩ ጸሐፊ ናት፤ እሷም በሳቅ ግድግዳ ተደግፋ።

ቤቱ የደረሰው ደሙ ፈልቶ ነው። አማቱ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። እንደ ምንም ራሱን ገታ።

«እማማ፣ ሲወለውሉ ወረቀቶቹ ተቀላቅለውብዎት ነው?»

አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«ተቀላቀለብኝ? እኔ? በሠላሳ ዓመት አንድ ደብዳቤ ከሳጥኑ ያላሳትኩ ሴት! ሆን ብዬ ነው።»

«ምን አደረግሁዎት?»

«ቤት ይሰጡናል አልክ፣ መኪና ይሰጡናል አልክ። አንድም ቀን ‘እርስዎስ?’ አላልከኝም። ልጄን ይዘህ ስትሄድ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከባልዲው ጋር?»

እውነታቸውን ነው። ቴክኒሻኑ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ጠይቆ ነበር፤ እሳቸውን ግን እንደ ቤቱ ግድግዳ ቆጥሯቸው ኖሯል። አፈረ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ተስተካክሏል። ዝርዝር ሳያዩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ መቶ አሥራ ዘጠኙን ወደየቦታው መልሰዋል። ለመሄዱ እሺ ማለታቸው እንደሆነ ገባውና አንጀቱን በሉት። እጃቸው ላይ የቀረችው አንዲት ወረቀት «ሱትኬዝ» የምትለው ነበረች።

«ይቺ የሻንጣህ ናት። እንካ፣ ለጥፍና ሐሙስ ሄደህ እለፍ» አሉት፣ ፊታቸውን አዙረው።

ወረቀቷን ተቀበለ። ወንበር ላይ ቆሞ ከቁም ሳጥኑ አናት የእሳቸውን አሮጌ የቆዳ ሻንጣ አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና እሱ ላይ ለጠፋት።

አማቱ ሻንጣውን አዩ፤ እሱን አዩ። አፍንጫቸውን በጨርቁ ጠረጉ።

«ስታንኮራፋ መስኮት ይንቀጠቀጣል። የእኔ ክፍል ራቅ ያለ ይሁን።»

«ይሁን፣ እማማ። ግን እኮ ገና አላለፍኩም።»

ወንበሩን ወደሱ ገፉለት።

«በል ተቀመጥ። ስትተኛ ጭንቅላትህን የምታሳርፈው ምን ላይ ነው?»