ከቅበላ በኋላ ሦስተኛው ቀን

«የኔዋ ክኒን ሠርታለች መሰለኝ» አለች ዋጋዬ፣ ክርኗን በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ አስደግፋ። «ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ሲያዞረኝ አደረ። እናትነሽን ግን ምንም አላላትም። ጧት ውኃ ስንቀዳ ብጠይቃት ደህና ነኝ አለች። የሷዋ ቀኗ ያለፈባት ትሆን እንዴ?»

ምሕረት የያዘችውን የሽሮፕ ካርቶን መሬት አስቀመጠች። ገና ሦስት ሰዓት ቢሆንም የቀኑ ድካም ከወገቧ ጀምሮ እየወጣ ነበር።

«የማን የሷዋ?»

«የእናትነሽ ነዋ፣ የጎረቤቴ። ሁለት ፍሬ አልነበሩ የሰጠሽኝ? አንዷን እኔ ዋጥሁ፣ አንዷን ለሷ ሰጠኋት። ባሎቻችን እንደሆን በአንድ መኪና ነው የመጡት።» ዋጋዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሣቀች። «ታዲያ እኔ ብቻዬን ልዳን?»

ምሕረት ለመሣቅ ሞከረችና ተወችው። ትናንት በዚህ ሰዓት የሆነውን አስታወሰች። ሁለት ወንዶች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሳል መድኃኒት ይጠብቁ ነበር። ዋጋዬ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤ እሷም ከተማው ፖስት ፒል የሚለውን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እሽግ በወረቀት ጠቅልላ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቶሎ» ብላ ሰጠቻት። ሁለቱም ለአንድ ሰው መሆናቸውን አልተናገረችም። ይህ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑም አልታሰባትም። ሐረማያ በተማረችባቸው ዓመታት ስለ መጠንና ስለ ሰዓት ብዙ ተፈትናለች። በወንፈል የሚያጭዱ፣ እሳት ከጎረቤት የሚጫጫሩ ሴቶች ሁለት ፍሬ ያለው እሽግ እጃቸው ሲገባ ምን እንደሚያደርጉ ግን የጠየቃት አስተማሪ አልነበረም።

«ዋጋዬ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው። አንዷ አትበቃም። ራስ ማዞሩ መሥራቷን አያሳይም፤ አለማዞሩም አለመሥራቷን።»

የዋጋዬ ሣቅ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እንደ ራስ ምታት ክኒን መስሎኝ። እሱ እኮ አንዷም ትበቃለች።»

«መርፌውንስ ለምን ተዋችሁት?»

«ሐምሌ ላይ ባሎቻችን ወደ መተማ ለሰሊጥ ሲወርዱ ነው የተውነው። ባል የሌለበት ቤት መርፌ ምን ይሠራል ብለን። እነሱ ደግሞ ለቅበላ ዱብ አሉ። የቅበላ ማታ፣ ስንት ወር የቆየ ሰው… ምን ትያለሽ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔስ ግድ የለም፣ አንድ ብጨምር እግዜር ያሳድገዋል። እናትነሽ ናት እንጂ። ካቻምና ስትወልድ በቃሬዛ ያወረድናት እኮ እሷ ናት። ደሟ ከቃሬዛው ሥር እየተንጠባጠበ ሐኪም ቤት ስትደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ሐኪሙ፣ ሌላ ብታረግዥ አንቺንም አናገኝሽም ብሏታል።»

ምሕረት መደርደሪያውን ከፈተች። ሁለት እሽግ ቀርቷል፤ አዲስ ዕቃ የሚመጣው ሐሙስ ነው። አንዱን ለዋጋዬ ፈታችላት። ዋጋዬ ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ጾሙን ይቅር በለኝ» አለችና እዚያው ቆማ ሁለቱንም በውኃ ዋጠቻቸው። ሁለተኛውን እሽግ ምሕረት ከባንኮኒው ላይ አላነሣችውም። በልቧ ቆጠረች። ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ዛሬ ማክሰኞ። ሰባ ሁለቱ ሰዓት ዛሬ ማታ ይሞላል። ከዚያ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ቢወሰድም ይጠቅማል፤ ግን በያንዳንዱ ሰዓት ኃይሉ ይቀንሳል።

«አድርሽላት።»

«ከሰሌ አስፋልት ዳር ተደርድሯል። መኪናው ሳይጭነው ወዴት እሄዳለሁ?»

«ስልክ አላት?»

«የባሏ አለ፣ የደርበው።»

ዋጋዬ ቁጥሩንና ወንፈሉ ያለበትን ቦታ ነግራት ከሄደች በኋላ ምሕረት ደወለች። ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ፤ ከኋላው የመጥረቢያ ምት ይሰማል። «ሃሎ! ማን ልበል?» ምን ትበለው? ሚስትዎ ተደብቀው የዋጡት ክኒን ጎዶሎ ነው? «ተሳስቻለሁ» አለችና ዘጋችው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ባምላክ አምስት ሰዓት አልፎ ሲመጡ ጋዋኗን አውልቃ፣ እሽጉን በቦርሳዋ ይዛ ጠበቀቻቸው። ነገሩን ያለ ስም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ሸጠሻል፣ ነግረሻል። ከደጃችን ከወጣ በኋላ የኛ አይደለም። ሰው ቤት ሄደሽ ማስዋጥ ደግሞ ማን አመጣው?»

«በደንብ አልነገርኋትም ጋሼ።»

«ሩቅ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዲህ ነው» አሉ፤ ከቁጣ ይልቅ አዘኔታ ነበረበት። «ሂጂ፣ ሂጂ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ብትውይም ሐሳብሽ እዚህ አይውልም።»

ባጃጁ ከእንጅባራ ወጥቶ በዘንገና አስፋልት ላይ ሲንደረደር ብርዱ በሸራው ቀዳዳ እየገባ ጉልበቷን ያዘው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያዎች አፋቸው በሣር ተወትፎ ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረብታ ሁሉ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው። እሷ ትምህርት ስትሄድ ገብስና ድንች የነበረው ማሳ ስትመለስ ደን ሆኖ ጠበቃት፤ ደኑም በየአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ስትመጣ የምታውቀው አገር የሚጠብቃት መስሏት ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አሁንም በየጧቱ ስትነቃ ለጥቂት ቅጽበት የት እንዳለች ይጠፋባታል። ለመርዳት ነው የመጣሁት ትል ነበር ሲጠይቋት። አሁን የሚጠይቃት ሰው ባይኖር ትመርጣለች።

ወደ ጥርባ በሚገነጠለው የእግር መንገድ መጀመሪያ ላይ ከባጃጁ ወረደች። ፈረስ የጫኑ ሰዎች እየቀደሟት በአዊኛ ሰላም ሲሏት በአማርኛ መለሰችላቸው። ቋንቋውን ትሰማዋለች፣ የእናቷ ነው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን የተዋሰችው ልብስ ይመስላታል። ትናንት ለዋጋዬ በእናቷ ቋንቋ ብትነግራት ኖሮ ቃሉ ያን ያህል ያጥር ነበር? ወይስ ጥፋቱ የችኮላዋ እንጂ የቋንቋው አልነበረም? አርባ ደቂቃ ያህል በጭቃና በሥር ላይ ስትራመድ ይህን ብቻ አመላለሰች።

የከሰሉን ክምር ከማየቷ በፊት ሸተታት። በተመነጠረው መሬት ላይ ቤት የሚያክል ጉብታ በአፈር ተሸፍኖ ከየጎኑ ነጭ ጭስ ይተነፍሳል። ወንፈል ነበር፤ ወንዶቹ ግንድ ይቆርጣሉ፣ ሴቶቹ ይሸከማሉ፣ አፈር ይመልሳሉ።

«ኧረ ጫማውን እዩልኝ! ነጭ!» አለች አንዲት ወጣት ሴት ሸክሟን እንደያዘች። «ይህች ከሰል ልትከምር ነው ወይስ ልታገባ የመጣች?»

«ወንፈል የደረሰ ሳይሠራ አይመለስም» አለ አንዱ ወንድ ከግንዱ ላይ። «አካፋ ስጧት። ነገ ተራዋ ሲደርስ እኛም ሄደን ክኒን እንቆጥርላታለን።»

ሣቁ ዞሮ እስኪያልቅ ምሕረት አካፋውን ተቀበለች። እናትነሽ የቷ እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከክምሩ ማዶ፣ ጭሱ በሚነፍስበት በኩል፣ አንዲት ቀጭን ሴት በባዶ እጇ አፈር እየዛቀች የተሰነጠቀውን ትደፍናለች፤ ቀና ብላ ምሕረትን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ምሕረት አጠገቧ ሄዳ አፈር መመለስ ጀመረች። ጎን ለጎን ሆነው፣ ፊታቸውን ወደ ክምሩ እንዳዞሩ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

እናትነሽ ሌላ እፍኝ አፈር ዛቀች።

«ማታ ነው የዋጥኋት። ከጾም በኋላ።»

«አልጎዳዎትም። ግን አትበቃም። እነዚህን ሁለቱን አሁን ይዋጡ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልውጥም።»

«መድኃኒት እኮ በጾም…»

«ለታመመ ነው። እኔ ምን ታምሜ?» ስንጥቁን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእውነት መልሽልኝ። ምናልባት ከሆድ ገብቶ ከሆነስ? ነፍስ አጠፋሁ ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ምሕረት በፈተና ወረቀት ላይ በአንድ መስመር መልሳው ነበር። አሁን አካፋዋን አቆመች።

«አይደለም። ከገባ በኋላ አያወርደውም፣ አይነካውም። ሳይገባ በፊት ነው የሚከለክለው፤ ከእርስዎ የሚመጣው ዕንቁላል እንዳይመጣ ያዘገየዋል። ገብቶ ከሆነ ክኒኑ ምንም አያደርግም። ለዚህ ነው ሰዓቱ የሚያስቸኩለኝ።»

እናትነሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከኋላቸው እርምጃ ተሰማ። መጥረቢያ በትከሻው የያዘ፣ ጢሙ በከሰል ብናኝ የጠቆረ ሰው ቆሟል። ምሕረት ቶሎ ብላ እጇን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ እንደ ሌባ።

«የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አይደለሽ?» አለ ደርበው። «ጧት ደውለሽ የዘጋሽብኝ አንች ነሽ። አሁን ድምፅሽን ስሰማ አወቅሁሽ፤ ያኔ መልሼ ብደውል ኔትወርኩ ጠፋ።»

«እኔ… እርስዎ የሚያውቁ አልመሰለኝም።»

«ምኑን? ማታ ውኃውን በጣሳ ይዤ ያስዋጥኋት እኔ አይደለሁም?» መጥረቢያውን መሬት ላይ አስደገፈው። «የቃሬዛውን የፊት እግር የያዝሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ብትነግሪኝ ኖሮ ያን ጊዜ ፈረስ ጭኜ እመጣ ነበር።»

ምሕረት እሽጉን ከቦርሳዋ አወጣች። አምስት ሰዓት ያህል ከዚህ ሰው ስትሸሸግ ባክኗል። ያሳዘናት ግን ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። እሱን ሳታየው፣ ሚስቱን የሚከለክል ባል አድርጋ ፈርዳበት ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው አሁን ብትጠየቅ አትናገርም።

«ጎዶሎ ነው አለችኝ» አለች እናትነሽ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሁለት ልጨምር አለች። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን አልሁ።»

«ስንት ሰዓት ድረስ ነው የሚሠራው?» ሲል ደርበው ምሕረትን ጠየቃት።

«ዛሬ ማታ ድረስ ነው የተሻለው። አሁን ግን ከዘጠኝ ይሻላል።»

ደርበው ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ። ቃሉን ዝቅ አድርጎ በአዊኛ ተናገረ፤ ምሕረት ሁሉንም ሰማችው። ለነፍስ አባታችን እኔ እነግራለሁ፣ ጾሙን በኔ አስቆጥሪው አላት። ደግሞም፣ ያኔ ስሸከምሽ ታማሚ ካልነበርሽ ማን ነበር የታመመው አላት። እናትነሽ በከሰል የጠቆረ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና መዳፏን ዘረጋች።

ሁለቱን ክኒን በውኃ ስትውጣቸው ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ምሕረት ሰዓቱን በስልኳ ላይ ያዘችው።

«ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰዎት እንደገና መውሰድ አለብዎት። የወር አበባዎ ከቀኑ አንድ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ይምጡ፣ እንመረምራለን። ይህ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይጠብቅም፤ መርፌውን በዚሁ ሳምንት ይጀምሩ።»

«ካስመለሰኝ የሚተካ ይዘሻል?»

«አልያዝሁም።»

እናትነሽ ራሷን ነቀነቀች፣ የአየሩን ሁኔታ የተነገራት ያህል፣ ከዚያም ወደ ክምሩ ተመለሰች። ምሕረት እቆያለሁ ብላ አልተናገረችም፤ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ደርበው እንጨት መቁረጡን ቀጠለ። በሁለት ምት መካከል ግን ሁልጊዜ ወደ ጭሱ በኩል ይመለከታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራው ቆመ። ሰዉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ ከዚያ በቅጠል ላይ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ቀረበ። ወጣቷ ሴት ለምሕረት ድንቹን ልጣ ሰጠቻትና «ለከተማ ሰው ትኩሱ አይሆንም፣ እፍ በዪበት» አለቻት። ሰዎቹ ሣቁ፣ ስለ መተማ ሙቀት ተጨዋወቱ፣ ስለ ከሰል መኪናው መዘግየት ተማረሩ። እናትነሽ ከጎናቸው ቁጭ ብላ ድርሻዋን በእጇ ይዛዋለች። ቀለሟ ገርጥቷል። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ችፍ ብሏል። ጭሱ ይሁን፣ ጾሙ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን ማን ያውቃል። ሁለት ሰዓቱ ሊሞላ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል።

ዓይኗ ከምሕረት ዓይን ጋር ተገናኘ። ልብላ ወይስ ይቅርብኝ የሚል ጥያቄ ነበረው።

«ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ ብለው» አለች ምሕረት።

እናትነሽ ከዳቦው ጥቂት ቆረሰች። ወደ አፏ አቀረበችው፣ መለስ አደረገችው፣ እንደገና አቀረበችው። ደርበው ማኘኩን አቁሞ ነበር። ሌሎቹ ስለ ሰሊጥ ያወራሉ። እናትነሽ ቁራሹን ከአፏ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጉሮሮዋ ላይ ያለው ቆዳ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ፤ ከዚያም ዓይኗን ሳትገልጥ ለሁለተኛው ቁራሽ እጇን ወደ ዳቦው ሰደደች።