ጋሽ ፍሬን እና ወሬኛው ድንቢጥ

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ፣ ዶሮ በሩቅ ካዩ ፍሬን ይረግጡ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከከተማ ራቅ ያለች፣ ጓሮዋ ሰፊ ቤት ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ተቀመጡ። ባለቤታቸው አዋላጅ ነበሩ፤ የከተማውን ሰው ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ፣ ወፉንም ከነዘሩ የሚያውቁ። ጋሽ ፍሬን ግን ስለ ወፍ የሚያውቁት መስታወታቸው ላይ የምትጥለውን ብቻ ነበር።

በብርዱ ወራት አዋላጇን ስትሮክ መታቸውና አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አንደበታቸው ግን እንደተዘጋ ቀረ።

"ያጫውቷቸው" አለ ሐኪሙ፤ "ባይመልሱልዎትም አያቁሙ።"

ችግሩ ጋሽ ፍሬን ወሬ አይችሉበትም። "ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" ከሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጠው ያረጁ ሰው ምን ያውሩ? ቢጨንቃቸው፣ ብርዱ ለቀቅ ብሎ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ የሚስታቸውን ወንበር ወደ ጓሮው መስኮት አስጠጉና ያዩትን መናገር ጀመሩ።

"ሁለት ድንቢጥ አጥሩ ላይ። አንዷ ወረደች። ሌላዋም ወረደች።"

አዋላጇ በዓይናቸው ይከተላሉ፤ ቃል ግን የለም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጋሽ ፍሬን ሻይ ላፍላ እያሉ ማድ ቤት ይገቡና ዓይናቸውን በፎጣ ጠርገው ይመለሱ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ቡናማ ድንቢጥ ደረቅ ሣር በአፏ ይዛ ወደ ጣሪያው ሥር ትመላለሳለች። ጉሮሮው ጥቁር የሆነ ሌላ ድንቢጥ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይንጫጫል።

"አየሽ ይሄን ጎበዝ?" አሉ ጋሽ ፍሬን። "ወንዱ ቤት ይሠራል፤ ሚስት ተጎልታ ወሬዋን ትሰልቃለች!"

"ወ... ወንድ ነው።"

ጋሽ ፍሬን በድንጋጤ ዞሩ። "ማን?"

"ወሬኛው" አሉ አዋላጇ፣ ጣታቸውን ወደ ቅርንጫፉ እየቀሰሩ።

ጋሽ ፍሬን ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባቸው። "እሺ የኔ እመቤት፣ ይሁን፣ ወንድ ነው!" እያሉ የሚስታቸውን እጅ ሳሙ።

ከዚያ ወዲያ የጋሽ ፍሬን ስህተት መቆሚያ አጣ። ርግቧን ቁራ፣ ግንደ ቆርቁሩን ጭልፊት ይላሉ። በተሳሳቱ ቁጥር ከወንበሩ አንዲት ቃል ትወጣለች፤ ቃሏም እያደረች ትረዝማለች። በመጨረሻ አዋላጇ ጠረጴዛውን መታ አደረጉና፦

"አንተ ሰውዬ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል!" አሉ።

"ኧረ በፍጹም! እኔ ምን አውቄ?"

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ተናጋሪዋ አዋላጇ ነበሩ፤ ጋሽ ፍሬን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣሉ። አልፎ አልፎ አዋላጇ ቃል ይጠፋባቸዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ወደ ጓሮው እያዩ አብረው ይፈልጉታል።