የመካኒኩ ጆሮና ባለ ቫልቩ ሳጥን

መካኒኩን ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። አይፈረድባቸውም። እንደሱ ያለ ጆሮ በመቶ ዓመት አንዴ ቢፈጠር ነው። መኪና ገና ማዕዘኑን ሳይታጠፍ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራል። አንዴማ ሦስት ሰፈር ርቆ አውቶቡስ ሲነሳ ሰምቶ፣ «ሁለተኛዋ ካንዴላ ሞታለች» ብሎ ወደ ሻዩ ተመልሷል። ጎማ ሠሪው ምስክር ነው፤ ያላመነ ይጠይቀው።

ሰባት ወር ሙሉ የሚስቱን ድምፅ ማግኘት ያቃተው እንግዲህ ይኸው ጆሮ ነው።

ሚስቱ በወጣትነቷ አንድ ሸክላ ላይ ተቀባይ ሆና ዘፍናለች። ተቀባዮቹ ሦስት ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። በደጉ ጊዜ መካኒኩ ከመሃል መዝዞ ያወጣት ነበር። «ይቺ አንቺ ነሽ» ሲላት፣ «ሂድ ወዲያ፣ ቀጣፊ! እኔ እንኳ ራሴን አልለይም» ትለው ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ሸክላውን ቢያዞረው፣ ቢደጋግመው፣ ሦስቱ ሴቶች አንድ ግድግዳ ሆኑበት። አልደነገጠም። ከቀብሩ ወዲህ ምንም ነገር አያስደነግጠውም፤ ደረቱን ጥጥ የጠቀጠቁበት ያህል ነው። ጥፋቱን ሁሉ አሮጌው አምፕሊፋየር ላይ ጫነና ባለ ቫልቭ ፎኖ ፕሪአምፕ ለመግዛት ቆረጠ። ይህ ሳጥን መርፌው ከሸክላው የሚለቅማትን የትንኝ ትንፋሽ የምታክል ድምፅ አሳድጎ ለአምፕሊፋየር የሚያቀብል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሸክላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ አስተማሪ ሴት ልጁን አስከትሎ ራዲዮ ጠጋኟ ዘንድ ሄደ። ሰፈሩ «እትዬ ብየዳ» ይላታል፤ በዓይኗ ብቻ ቆርቆሮ ታቀልጣለች ይባላል። ሦስት ሳጥን ደረደረችለት።

«የመጀመሪያው ለስላሳ ነው፤ ያረጀ ሸክላ ይምራል» አለችው። «ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው፤ ጭረቱንም አይደብቅልህም። ሦስተኛው መሃል ላይ ነው። ታዲያ ቫልቩ፣ ይኼ አምፖል መሳዩ ብርጭቆ፣ እስኪግል ጠብቀህ ነው የምትሰማው።»

ቫልቮቹ ቀልተው ጋሉ። መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ሰማ፣ ሁለተኛውን ሰማ፣ ሦስተኛውን ሰማ። ግድግዳ፣ ግድግዳ፣ ግድግዳ።

«እህስ?» አለችው።

«ሦስተኛው!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የዘፋኙ ጫማ መጥበቡ ሳይቀር ይሰማል!»

ልጁ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ስማ እንግዲህ፣ ጆሮ» አለች እትዬ ብየዳ። «ቤት ስትገባ አምፕሊፋየርህ ላይ ድሮ ሸክላው የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ እንዳትሰካው። እዚያ ውስጥ ሌላ ማሳደጊያ አለ፤ ድምፁ ሁለቴ አድጎ ይታፈንብሃል። ባዶውን፣ የቴፑን ቀዳዳ ተጠቀም።»

«ለኔ ነው ይኼን የሚነግሩኝ እትዬ? ሞተር በጨለማ ፈትቼ የምገጥም ሰውዬ?»

ቤት ገብቶ ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሃያ ዓመት የለመደ እጁ ገመዱን ይዞ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመነታ የድሮው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። ቫልቮቹ ጋሉ፣ መርፌው ወረደ።

ከበሮው መስኮቱን አንዘፈዘፈው። የጎረቤት ድመት አጥር ዘላ ያን ዕለት እንደወጣች ዛሬም አልተመለሰችም ይባላል። ዘፋኙ ፍራሽ ስር ተኝቶ የሚያቃስት ይመስል ነበር። መካኒኩ ግን ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በእርጋታ ራሱን ይነቀንቃል።

«አባዬ!»

«እ?»

«አይሰማህም እንዴ? ሰውዬው ታፍኖ ሊሞት ነው እኮ!»

ዓይኑን ገለጠ። ልጁን አየ፤ የሚርገፈገፈውን መስኮት አየ። የጉንዳን ኮቴ የሚለየው ጆሮ ይህን ሁሉ ጩኸት አላስተዋለም ነበር።

ልጁ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ ገመዱን ነቅላ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ሰካችው። ዘፋኙ ከፍራሹ ስር ወጣ። ተቀባዮቹ ገቡ። አመልካች ጣቷን ቀስ አድርጋ አነሳች።

«እማዬ ይቻት። አሁን... አሁንም። ሰማሃት?»

መዋሸት ለሱ ከመተንፈስ ይቀለው ነበር። አፉን ከፈተ፤ የሚዋሽበት ጉልበት አጣ።

«አልሰማኋትም» አላት። «እዚያ ሱቅም አልሰማኋትም። ሳጥኖቹ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ነኝ።»

ልጁ ጣቷን አላወረደችም።

«እኔም ድሮ አልለያትም ነበር» አለችው። «ትንሽ ሆኜ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ፣ እንዲህ በጣትህ እያሳየህ አይደል ያስለየኸኝ?»

መካኒኩ አላለቀሰም። ጥጡም እንዳለ ነው። የልጁን ጣት እያየ ሸክላው እስኪያልቅ ተቀመጠ፤ ጣቷ ስትነሳ ሚስቱ አለች፣ ስትወርድ የለችም። ዘፈኑ ሲያበቃ ተነስቶ መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለሰው።

«እንደገና» አላት። «ታዲያ ቶሎ አታውርጂው።»